የሐጂን ቤት ከመቃብር የመለስንበት የሐረር ጉዞ

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነበር። በዚያ ዓመት በጥር ወር ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ሐረር ድረስ ሄጄ መጣሁ። ይህን የምጽፈው ለዕድራችን ሰዎች ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ አንዱ «ሐረር እንዴት ነው?» ይለኛል፤ ጀምሬ ሳልጨርስ ሌላው ሌላ ነገር ይጠይቀኛል። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ በልጄ ደብተር ጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ አትሄዱም፤ ጉልበታችሁን አውቀዋለሁ። የተማርኩት ፊደልና ትንሽ ዳዊት ነው፤ የቀረውን ከሥራ ላይ ነው የለቀምኩት። ፊደል የሳትኩበት ቦታ ካለ እለፉት።

ሥራዬን የማታውቁ ልጆች ስላላችሁ ልንገራችሁ። በወጣትነቴ አገር ሲለካ ሰንሰለት ጎታች ነበርኩ። መሐንዲሱ በመነጽር ያያል፣ እኔ ሰንሰለቱን ይዤ በገደሉም በቆንጥሩም እሄዳለሁ። አርሲን፣ ባሌን፣ ጎጃምን በእግሬ ለካሁ። ሐረርን ግን አላየኋትም። ከዚያ ሥራ የቀረኝ አንድ ልማድ ነው፤ ርምጃ እቆጥራለሁ። ከደጃፌ እስከ ሥላሴ ስምንት መቶ አርባ ነው። ሰው ቢያናግረኝም ቁጥሩ አይጠፋኝም፤ በልቤ ይቀጥላል። አስካለ፣ ባለቤቴ፣ በዚህ ስትናደድ አርባ ዓመት አለፋት።

የሄድኩት በልጄ በትዕግሥት ምክንያት ነው። እሷ አዲስ አበባ በኮምፒዩተር ሥራ ነው የምትተዳደረው። ሐረር ውስጥ ጀጎል የሚባለው በግንብ የታጠረው አሮጌ ከተማ አለ፤ የዚያን ቤቶች ሁሉ ካርታ ላይ አስቀምጣ በኢንተርኔት እንዲታዩ እንድታደርግ ተሰጥቷታል። ማንም ሰው የትም ሆኖ በስልኩ ከፍቶ የአያቱን ቤት ያገኛል። እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቃት፣

«አባዬ፣ መዝገብ ቤት አስብ» አለችኝ። «እያንዳንዱ ቤት የራሱ ፋይል አለው፤ የባለቤቱ ስም፣ የተሠራበት ዘመን፣ ፎቶው። ይኼ ዳታቤዝ ይባላል። ካርታው ላይ ነጥቡን ስትነካ መዝገብ ቤቱ ሮጦ ፋይሉን ያመጣልሃል።»

«ሮጦ ፋይል የሚያመጣ መዝገብ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም» አልኳት።

ማክሰኞ ተነሳሁ። አስካለ «ልጅቱ በማታውቀው አገር ብቻዋን አትከርምም፣ ሂድ» አለችኝ። ልጅቱ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ይህንኑ ብነግራት «እና?» አለች። እኔም መሄዱን ፈልጌው ስለነበር ብዙ አልተከራከርኩም። ካፖርቴን ለበስኩ፣ ጋቢዬን ደረብኩ፣ ለምናርፍበት ቤት ስጦታ እንዲሆን ወፍራሙን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተሸከምኩ። ያን ለት ጠዋት የባልዲው ውሃ በረዶ ቆዳ አብጅቶ ነበር። ሐረርም ጥር ነው ብዬ አሰብኩ። ጥር ሁሉ አንድ አለመሆኑን ያወቅኩት በማግሥቱ ነው። ያን ዕለት አዲስ አበባ ትዕግሥት ቤት አደርን።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈርን። እስከ ናዝሬት ካፖርቴ ትክክል ነበር። መተሐራ ስንደርስ አወለቅኩት። እዚያ ሐይቁ እያደገ ወደ አስፋልቱ መጥቷል፤ የኛ አገር ወንዝ በጋ ላይ ሲደርቅ ይህ ይፋፋል። አዋሽን ስንሻገር ጋቢውንም አወለቅኩ። ብርድ ልብሱ ግን ማስቀመጫ ስላልነበረው ጭኔ ላይ ነበር፤ ድመት አቅፌ እሳት ዳር የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ከጎኔ የቀርሳ ገበሬ ተቀምጧል፤ ሽርጥ የታጠቀ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው ነው። ብዙ ሲያየኝ ቆየና፣

«አባቴ፣ ይሄ ለማን ነው?» አለኝ።

«ሐረር ለማርፍበት ቤት።»

«ለሰው?»

«ለሰው ነው እንጂ።»

«እኔ ለታመመች ፍየል መስሎኝ» አለና ብርድ ልብሱን ከጭኔ ላይ አንስቶ ራሱ ታቀፈው። እምቢ ብለው አልሰማኝም። አሰበ ተፈሪ ለምሳ ስንወርድ ይዞት ወረደ፣ ስንሳፈርም ይዞት ተሳፈረ። ሂርና አጠገብ ጎማ ፈንድቶ መንገድ ዳር ስንቆም ደግሞ መሬት ላይ አንጥፎ «ተቀመጥ» አለኝና ከከረጢቱ ሸንኮራ አውጥቶ ልጦ ሰጠኝ። ለስጦታ ያሰብኩት ብርድ ልብስ የሂርናን አቧራ ጠገበ። ሰውዬው ቀርሳ ሲወርድ ስሙን አለመጠየቄ ትዝ አለኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አወዳይ ስንደርስ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶት ነበር። ለገና ዋዜማ የኛ አገር የበግ ገበያ እንዴት እንደሚጋፋ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ግን በየቀኑ ነው፣ በግም የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐረር ገባን።

ሸዋ በር አጠገብ ፈቲያ ቆማ ጠበቀችን። ፈቲያ የከተማው ሰው ናት፤ ከልጄ ጋር ይህን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቦታን ከሰማይ የሚያነብ የእጅ መሣሪያ ይዛ በጀጎል ውስጥ በር ለበር ዞራለች። የምናርፈውም እሷና አባቷ በሚኖሩበት ቤት ነው። ብርድ ልብሱን ተቀበለችኝና ሸተተችው፤ «አባባ፣ የበግ አገር ይሸታል፤ ደስ ይላል» አለች። ከዚያ ወዲያ ወደድኳት።

ከሸዋ በር እስከ ቤታቸው አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ርምጃ ነው። ቤቱ በማዶ በኩል ነው፣ ሰንጋ በር ከሚባለው በር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። መንገዱን ግን መንገድ አትበሉት፤ ሁለት ሰው ከነዕቃው አይተላለፍበትም። ግድግዳው አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ ቀለም ተቀብቷል። የኛ አገር ድንጋይ ቤት ድንጋይ መሆኑን ይናገራል፤ የነሱ ቀለም ለብሶ ይጠብቅሃል።

አባቷ ሐጂ አብዱላሂ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ቀጭን ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሐዋ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከሰንጋ በር ውጭ ያለው መቃብር ነው ያሉት። ሐጂ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «አህለን፣ አህለን፤ ይግቡ» አሉኝ። ውስጡ ወንበር የለም፤ ነደባ የሚሉት ከመሬት የተሠራ መደብ አለ፣ አንዱ ከፍ ያለ አንዱ ዝቅ ያለ፣ ቀይ ተቀብቶ ምንጣፍ የለበሰ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ለበሩ ፊት ለፊት የሆነውን ጥሩውን ቦታ አየሁና ሄጄ ተቀመጥኩበት። ትዕግሥት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ አልገባኝም። ሐጂ ዝቅ ባለው ላይ ተቀመጡ።

ምግብ መጣ። እጄን ሳልዘረጋ ሐጂ «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ዘይት ብቻ ነው የገባበት፣ ይብሉ» አሉኝ። ጾሜን እኔ ሳልናገር እሳቸው አስበውልኝ ነበር።

ሐሙስ ፈረስ መጋላ ወደሚገኘው ቢሮ ሄድን። ፈረስ መጋላ አደባባዩ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ በሚገባው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎች በረድፍ ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ የሁሉም የስፌት መኪና አብሮ ሲጮህ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ትዕግሥት ሰርቨር የምትለውን፣ መዝገቡ የሚኖርበትን ሣጥን አስነሳች፣ መብራት ጠፋ፤ መጣ፣ አስነሳች፣ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ቆመላት። ፈቲያ የሰበሰበችውን ሁሉ ወደ መዝገቡ አስገባች። ከቀትር በኋላ ካርታው ተከፈተ። ከላይ፣ ከሰማይ የተነሳ የከተማው ፎቶ ነው፤ ግንቡ እንደ ቀለበት ይታያል፣ ጣሪያው ሁሉ ይታያል፣ በየጣሪያው ላይ ቀይ ነጥብ አለ። አንዱን ስትነካው የቤቱ ታሪክ ይወጣል። አላምንም ያልኩት መዝገብ ቤት እውነትም ሮጠ።

ቅዳሜ የየሰፈሩ ሽማግሌዎች መጥተው ያያሉ ተብሏል። እነሱ «ይከፈት» ካሉ ካርታው ለዓለም ይከፈታል፤ ካላሉ ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል። የፈቲያ ሁለት ዓመት በዚያ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰው በሩን የከፈተላት «የሐጂ አብዱላሂ ልጅ ናት» ብሎ ነው፤ ስለዚህ የተንጠለጠለው ድካሟ ብቻ አይደለም፣ የአባቷም ስም ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐጂ ዱላቸውን ይዘው ደረጃውን ወጥተው መጡ። እስከ ቅዳሜ መታገስ አልቻሉም።

«የኔን አሳዩኝ» አሉ።

ፈቲያ ስማቸውን ጻፈች። ካርታው ተንሸራተተ፣ ሰንጋ በርን አለፈ፣ ግንቡን ተሻገረ፣ ቆመ። ሐጂ ወደ ኮምፒዩተሩ መስታወት ጎንበስ አሉ።

«ይህ ግንቡ ነው?»

«አዎ አባ።»

«ከግንቡ ውጭ ያለው ይህስ?»

ፈቲያ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

«መቃብሩ ነው» አሉ ራሳቸው። ጣታቸው መቁጠሪያቸው ላይ ቆመ። «ገና አልተጠራሁም እኮ፣ ልጄ።»

ማንም አልሳቀም። የሌሎቹን ሽማግሌዎች ቤት ጠየቁ። አንዱ የሰው ማድ ቤት ላይ ወድቋል፣ አንዱ መስጊድ ግቢ ገብቷል፣ ከሰንጋ በር ወገን ያሉት ሁለቱ እንደ እሳቸው ከግንብ ወጥተዋል።

«ቅዳሜ እኔ የምለውን ሌሎቹ ይጠብቃሉ» አሉ ሐጂ። «ቤቴ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ‹ይከፈት› አልልም። የልጄ ሥራ ነው ብዬም አልዋሽም።» ደረጃውን ወረዱ።

ከዚያ ሁለቱ ልጆች ተጣሉ። ትዕግሥት «መሣሪያው ጠባብ መንገድ ውስጥ ሰማዩን በደንብ ስለማያይ ይስታል፤ ብዙ መቆም ነበረብሽ» አለች። ፈቲያ «እግሬ እስኪያብጥ ቆሜአለሁ» አለች። እውነቷን ነበር፤ እኔ ግን ስትናገር ወደ መሬት ማየቷን አየሁ።

ያን ለት ወደ ቤት ስንመለስ ዶሮ ወጥ ጠበቀን። ሐጂ ማለዳ ከግንቡ ውጭ የሚኖሩ አንዲት ክርስቲያን ወይዘሮ ዘንድ ሄደው ዶሮውን በነሱ ቤት አስባርከው በነሱ ድስት አሠርተው አስመጥተውልናል። ቢሮ ውስጥ አዝነውብንም አልተዉትም። እሳቸው ከዚያ አልቀመሱም፤ ከሌላው ሰሃን እየበሉ «ጨው በቅቶታል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ለሙስሊም እንግዳ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ዓሊ ነጋዴው መጥቶ ሲያርፍ ቆሎ ነበር የማቀርብለት። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ሆኗል።

ዓርብ ጠዋት ትዕግሥት የሽማግሌዎቹን ነጥቦች አንድ በአንድ በእጅ ወደ ጣሪያቸው ልትስብ ተነሳች።

«ተይ» አልኳት።

«አባዬ፣ ነገ ቅዳሜ ነው።»

«የሳተበትን ሳታውቂ በእጅ ብትስቢው ዛሬ ያየሽውን ነው የምታስተካክዪው። ያላየሽውን ማን ያስተካክለዋል?»

«ኮምፒዩተር አታውቅም እኮ።»

«ኮምፒዩተር አላውቅም። መሳት አውቃለሁ።»

ተቆጣችና ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ከደብተሬ ላይ ቀጭን ወረቀት ቀደድኩ። አንዱን ጫፍ መስታወቱ ላይ ከሐጂ የተሳሳተ ነጥብ አደረግሁ፣ ጣሪያቸው ጋ ሲደርስ በእስክርቢቶ ምልክት አደረግሁበት። ከዚያ ወረቀቱን ሳላጋድል ወደ ሌላው ሽማግሌ ነጥብ ወሰድኩት። ምልክቱ ልክ ጣሪያው ላይ አረፈ። ሦስተኛው ላይ አደረግሁት፤ አረፈ። ስምንት ቤት ሞከርኩ፤ ስምንቱም አንድ ርዝመት፣ አንድ አቅጣጫ፤ ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ያለ። በመሬት ቢሆን ሦስት መቶ ርምጃ ያህላል።

«የሰነፍ ስህተት እንደ ጤፍ ይበተናል» አልኳቸው። «ይሄ ግን ተሰልፎ ነው የሄደው። አንድ ነገር ነው የገፋው።» ቀጥዬ የሳቱትን ስም ፈቲያ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ሐጂ እገሌ፣ ሼህ እገሌ፣ ሐጂ እገሌ። «የሳቱት ሁሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከጎረምሳ ቤት አንድ አልሳተም። ሰማዩ ሽማግሌ ይጠላል?»

ፈቲያ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። «አባባ፣ ወደነሱ በር አልሄድኩም» አለች።

«ለምን?»

«እንዴት ልሂድ? ሼሁ ደጃፍ ላይ ቆሜ መሣሪያ ወደ ሰማይ ይዤ፣ እሳቸው ከውስጥ እያዩኝ፣ ሰላምታ አቋርጬ ‹ዝም በሉ እያነበበ ነው› ልበላቸው? አፈርኩ። ያባቴንስ በር እንዴት ብዬ ነው የምለካው? የትልልቆቹን ቤት ከድሮው የወረቀት ካርታ ላይ ወሰድኩት። እዚያ ላይ ሁሉም አሉ።»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያከበረቻቸውን ብቻ ነጥላ ከግንብ አስወጣቻቸው።

«ወረቀቱ የታለ?» አልኩ።

ኮፒው ቢሮ ነበር፣ ዳር ዳሩ ተቆርጧል። ዋናውን ፈቲያ ቤት ወስዳው ስለነበር ሄደን ከሐጂ ነደባ ሥር ከተጠቀለለበት አወጣነው። ሳየው አወቅኩት፤ ከጀርባው ጨርቅ የተለጠፈበት፣ እኛ በጣቃ ሸራ ጠቅልለን በበቅሎ የምንጭነው ዓይነት ነው። ታችኛው ጠርዝ ወደ ኋላ ታጥፎ ተጣብቋል።

«የካርታ ቃሉ፣ ከየት ተነስቶ እንደተለካ የሚናገረው፣ ግርጌው ላይ ነው» አልኩና በጥፍሬ ቀስ እያልኩ አላቀቅኩት። ከሥሩ በፈረንጅ ፊደል ጽሑፍ ወጣ። እኔ አላነበውም፤ ትዕግሥት አነበበችው። «አዲንዳን» አለች።

ያን ስም ከሰማሁ አርባ ስንት ዓመት ሆኖኛል። ባሌ ተራራ ላይ ሰንሰለቱን ስናጥፍ መሐንዲሳችን አንድ ቀን «ደምሴ፣ ይህ ሁሉ ልኬት ከየት እንደሚነሳ ታውቃለህ?» ብሎኝ ነበር። ከአዲስ አበባ መስሎኝ ነበር። «በዓባይ ታችኛው ዳር፣ ሱዳንና ግብፅ በሚዋሰኑበት፣ አዲንዳን የሚባል ቦታ ካለ አንድ ድንጋይ ነው» አለኝ። የኢትዮጵያ መሬት ከሩቅ ድንጋይ መቆጠሩ ያን ጊዜ አናዶኝ ነበር።

ይህንን ነገርኳቸው። ትዕግሥት ግንባሯን መታች። የድሮው ወረቀት ከዚያ ድንጋይ ይቆጥራል፣ የፈቲያ መሣሪያ ደግሞ ከምድር እምብርት ይቆጥራል፤ አንዱ ቤት ሁለት አድራሻ አለው፣ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ግን ሳይለያዩ አንድ መዝገብ ገቡ። «ዳታቤዙ ራሱ ይቀይረዋል፤ የትኛው ከየትኛው መነሻ እንደሆነ ብቻ ልንገረው» አለች። የጁምዓ ሰላት ስላለ ቢሮው ተዘግቶ ነበር፤ ጠበቅን። ሲከፈት ከወረቀቱ የመጡትን ለይታ አንድ ትዕዛዝ ጻፈች። ነጥቦቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዘለው ወደ ጣሪያቸው ገቡ። ፈቲያ አለቀሰች። እኔ «በእጅ አትሳቢ ብዬሽ ነበር» አልኩ፤ ባልል ይሻል ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ፈቲያ ሳቅ እያለች ስለ ነደባው ነገረችኝ። ከረቡዕ ጀምሮ የምቀመጥበት የአባወራው ቦታ ነው። እሷና ወንድሞቿ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠውበት አያውቁም። ሐጂ «ዝም በሉ፣ እንግዳው ደክሞታል» ብለው ሁሉን ከልክለው ኖሯል። ማታ ዝቅ ባለው ላይ ልቀመጥ ብል ሐጂ ክንዴን ይዘው ወደ ላይኛው መለሱኝ። «ለምዶብዎታል» አሉ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሰባት ሆነው መጡ። መብራት የለም። ፈቲያ በወተት የፈላውን የቡና ቅጠል፣ ሆጃ ይሉታል፣ በፔርሙስ አምጥታ ቀዳች። እኛ አገር ቅጠሉን ለማንም አናፈላም፤ ጠጥቼው ግን ሁለተኛ ጠየቅሁ። አንዱ ሼህ ስለ ብርዳችን ጠየቁኝ። ውሃ ባልዲ ውስጥ በረዶ ይሆናል ስላቸው «ሱብሐነላህ፤ ታዲያ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» አሉኝ።

መብራቱ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። የመጀመሪያው የሐጂ ስም ተጻፈ። ካርታው ሄደ፣ ሰንጋ በር ሳይደርስ ቆመ። ሐጂ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ከበሩ እስከ ጣሪያቸው መንገዱን ተከተሉት።

«የኔ ቤት ነው» አሉ።

ሁሉም የየራሱን አየ፤ አንዱ ያንዱን እያየ ጣሪያህ አፍስሷል፣ ግድግዳህን ወደኔ ገፋህ እየተባባለ ተሳሳቀ። ኋላ አንደኛው ሼህ ቆጣ አሉና «ከላይ ግቢያችን ይታያል እኮ፤ ሴቶቻችን ልብስ የሚያሰጡበትን ዓለም ሁሉ ሊያየው ነው?» አሉ። ልክ ናቸው፤ የኔም ግቢ እንዲታይ አልፈልግም። ትዕግሥት ትንሽ አሰበችና «ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ አጠፋዋለሁ፤ መንገዱና በሩ ብቻ ይቀራል» አለች፤ እዚያው አጠፋችው። ሽማግሌዎቹ ሐጂን ተመለከቱ።

«በሩን ያሳዩ፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን መጥቶ የሚያንኳኳ ያየዋል» አሉ ሐጂ። «ይከፈት። ቢስሚላህ።»

ፈቲያ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መሣሪያዋን ይዛ በሰባቱም ሽማግሌዎች ደጃፍ ቆመች፣ አባቷም ከጎኗ ቆሙ። ንባቡ ካርታው ላይ ካለው ጋር ገጠመ።

በማግሥቱ እሑድ ማለዳ ሐጂ ቀሰቀሱኝ። አውቶቡሳችን ሰኞ ስለነበር አልቸኮልኩም። ሰላታቸውን ጨርሰው በትንሽ ጆግ ውሃ ይዘዋል፤ ሲበርዳቸው ነው መሰል ያመጣሁላቸውን ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል።

«አቶ ደምሴ፣ ና» አሉኝ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበርኩ።

ከደጃፋቸው ጀምሬ እየቆጠርኩ ተከተልኳቸው። በሰንጋ በር ወጣን፣ ግንቡን አለፍን፣ በድንጋዮቹ መሐል ሄድን። አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆሙ። አንድ መቃብር ነው፤ ጥቂት የሬት ተክል በቅሎበታል። ጎንበስ ብለው ውሃውን በቀስታ አፈሰሱበት፤ እኔ ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«ሐዋ ናት» አሉ። «ሐሙስ ለት ነጥቤ ያረፈችው እዚህ ነው፤ ምናልባት አምስት ርምጃ ብትርቅ። አይቼ አወቅኳት።»

«ለዚህ ነው የተቆጡት?» አልኩ።

«ቤቴ እሷ ጋ መጥቶ እኔ ቀርቼ» አሉ። «ሁለት ቀን። ከዚያ እናንተ መለሳችሁት፤ ልክ ነው፣ ቦታው ነው። ግን ላንድ ሰው መንገር ፈለግሁ።»

ጸሎታቸውን አደረሱ። ጆጉን ተቀበልኳቸውና ተመለስን። ቁጥሩን እንደገና ከመቃብሩ ጀመርኩ፤ መምጣትና መሄድ መግጠም አለበት፣ ሥራችን እንዲያ ነው። ግንቡ አጠገብ ስንደርስ ሐጂ፣ ሐዋን ያገቡ ለት ሙሽራዋ በዚያ ጠባብ መንገድ ስትመጣ ሁለት አጃቢ ጎን ለጎን ማለፍ አቅቷቸው እንዴት እንደተጣሉ ነገሩኝ። ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። በሩን ስንገባ ስንት ላይ እንደደረስኩ ጠፋኝ። ተመልሼ ልጀምር ብዬ ቆም አልኩ፤ ከዚያ ተውኩትና አጠገባቸው ሄድኩ።